ጦርነት የሚያበቃው መቼ ነው? የሚዛን ተፈሪ፣ የቴፒና የደቡብ ምዕራብ ቡና ምድር የማገገም ታሪክ

መግቢያ

ሐኪም በሽተኛ ሲቀርብለት በመጀመሪያ እጁን ወደ ማዳመጫው አይሰድም፤ አስቀድሞ ይጠይቃል። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከዚህ በፊት ምን ታመው ያውቃሉ? በቤተሰብዎ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው አለ? በሕክምና ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኖቻችን የሕመሙ ታሪክ በሚገባ ከተጠየቀ የምርመራው ሥራ በግማሽ እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል ይሉን ነበር። ይሁን እንጂ ለአንድ ግለሰብ የምናቀርበውን ይህን ጥያቄ ተመድበን ለምናገለግለው ሕዝብ በጠቅላላው ስናቀርብ እምብዛም አይታይም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከተመረቀ በኋላ ጥቂት ዓመታት ያገለገለው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነበር። አንድ ቀን ቆዳቸው የደረቀና የተሸበሸበ፣ ሌሊት ሌሊት በማሳከክ እንቅልፍ ያጡ አንድ አዛውንት ወደ ምርመራ ክፍሉ ገቡ። ሕመሙ ኦንኮሰርኪያሲስ መሆኑን ስለ ጠረጠርኩ ከወንዝ ያለውን ርቀት ለማወቅ ስል፣ «አባቴ፣ ወደዚያ መንደር የመጣችሁት መቼ ነው?» ብዬ በነርሱ አስተርጓሚነት ጠየቅኋቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እኛ አልመጣንም፤ ተመለስን እንጂ» ሲሉ መለሱ። አያታቸው ጫካ ገብተው እንደ ተደበቁ፣ አባታቸው ከጫካው ወጥተው የአያታቸውን የጎጆ ቦታ እንደ ፈለጉ፣ እርሳቸውም ያን ቦታ ቡና እንዳለበሱት ነገሩኝ።

ይህ አጭር መልስ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። በጦርነት የፈረሰ ማኅበረሰብ እንዴት ያገግማል ለሚለው ጥያቄ አገራችን ከሰጠቻቸው መልሶች ሁሉ ረጅሙና ምናልባትም ከሁሉ ያነሰ የተነገረለት በዚህ ምድር ይገኛል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓመት ያልሞላው ውጊያ

የከፋ መንግሥት በጥልቅ ቦዮችና በእንጨት አጥር የተጠበቁ በሮች የነበሩት፣ ንጉሡ ከአማካሪዎቹ ጋር የሚያስተዳድረው ጥንታዊ መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ.ም. የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት ዘመተበት። ደጃዝማች ተሰማ ናደውና የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ጦርም በዘመቻው ተካፍለዋል። የከፋ ተዋጊዎች የያዙት በአብዛኛው ጦርና ጋሻ ሲሆን የዘማቹ ሠራዊት የያዘው ከዓድዋ ድል በኋላ የተትረፈረፈ ጠመንጃ ነበር። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አገሩ ወደቀ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በወራት ስደት በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዙ፤ ዳግመኛም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በግዞት ሳሉ ዐረፉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 1890 ዓ.ም. ገደማ፣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩሲያ መኮንን ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲጓዝ በከፋ በኩል አለፈ። በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ያሰፈረው ትዝብት ለሐኪም ዓይን የሚያስደነግጥ ነው። ሰው ያልነበረባቸው እርሻዎች በአረም ተውጠዋል፤ ወደ ዋና ከተማው በተቃረበ መጠንም የሰው አጥንት በየመንገዱ ተበትኖ ይታይ ነበር። ውጊያው ግን በዚያን ጊዜ አብቅቶ ነበር።

አርባ ዓመት የፈጀው ጦርነት

ወታደራዊው ዘመቻ በአጭር ጊዜ ቢጠናቀቅም ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ለሕዝቡ ከውጊያው የባሰ ሆነ። በጊሚራ፣ በሸኮ፣ በማጂና በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ለሰፈረው ወታደርና ለሹሙ በገባርነት ተከፋፈለ። ሹማምንቱ በየጊዜው ይሻሩና ይዛወሩ ስለ ነበር ብዙዎቹ አገሩን ሲለቁ ሊወስዱት የሚችሉትን ሁሉ ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ከሚወሰደውም ንብረት ዋነኛው ሰው ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1904 ዓ.ም. ገደማ ወደዚያ በተጓዙ ጊዜ ከጊሚራ ብዙ ሕዝብ ተማርኮ መወሰዱ በታሪክ ይታወቃል። በአውሮፓውያን 1920ዎቹ በማጂ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንና በዚያው አካባቢ የዝሆን ጥርስ ይነግድ የነበረው ሄንሪ ዳርሊ ባሳተሟቸው መጻሕፍት አስቀድሞ ሕዝብ ይኖርባቸው የነበሩ ኮረብታዎች ባዶ መቅረታቸውን መስክረዋል። እነዚህ ጸሐፍት የራሳቸው መንግሥት ጥቅም ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ባይዘነጋም በዚህ ረገድ የሰጡት ምስክርነት ከአካባቢው ሽማግሌዎች ትውፊት ጋር የሚጣጣም ነው።

እዚህ ላይ ከሌላው ዓለም ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ጀርመንና ጃፓን በ1945 እ.ኤ.አ. ከተሞቻቸው አመድ ሆነው ሳለ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ አንሰራርተዋል። በ17ኛው ምእት ዓመት የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካለቀ በኋላ ግን በእጅጉ የተጎዱት የጀርመን ግዛቶች የቀድሞ የሕዝብ ቁጥራቸውን ለመመለስ የመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ልዩነቱን የፈጠረው የፈረሰው ሕንጻ ብዛት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ሁኔታ ባለሙያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ መዝገቡና ሕጉ ተርፈው ነበር፤ ሰላሙም እውነተኛ ሰላም ነበር። በሁለተኛው ሁኔታ ግን ሠራዊት እየተፈራረቀ ለአንድ ትውልድ ሙሉ ከገበሬው ጎተራ ሲዘርፍ ኖሯል። የደቡብ ምዕራብ አገራችን ታሪክ ለዚህ ለሁለተኛው ይቀርባል፤ የተዘረፈው ግን እህል ብቻ ሳይሆን ዘሪው ራሱ ነበር።

ባዶው ምድርና በሽታዎቹ

ሰው የለቀቀው መሬት ባዶ ሆኖ አይቆይም። በሞቃታማውና ዝናበ ብዙ በሆነው በዚህ አካባቢ እርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደግሞ ደን ይሆናል። ጆን ፎርድ የተባለው ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ አፍሪካ ትራይፓኖሶሚያሲስ በሚያወሳው መጽሐፉ እንዳስረዳው የሰው ሠፈር፣ እርሻና የከብት መንጋ ተጠጋግተው በሚኖሩበት ቦታ የቆላ ዝንብ ወደ ዳር ይገፋል፤ ሕዝቡ በጦርነትና በከብት እልቂት ሲበተን ግን ቁጥቋጦው፣ የዱር አራዊቱና ዝንቡ ተመልሰው ይመጣሉ። በአገራችንም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን የከብት እልቂት አስቀድሞ መንጋውን እንደ ጨረሰ ይታወቃል። የቀረውን ከብት ወታደሩ ነዳው፤ በብዙ ቆላማ ሥፍራዎችም ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ጸንቶ ቆየ። በሰው ላይ የሚደርሰው የእንቅልፍ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና የታወቀው በ1967 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ምድር በስተምዕራብ በጊሎ ወንዝ ሸለቆ ነበር። ይህንን አንዱን ወረርሽኝ ከአንድ ዘመቻ ጋር በቀጥታ ማያያዝ አይገባም፤ የሰው መመናመን ለበሽታ ምቹ ሁኔታ እንደሚፈጥር ግን ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ አካባቢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ዛሬ የከፋና የሸካ ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡ የብዝኃ ሕይወት ክልሎች ናቸው፤ የከፋው በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካው ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ተመዝግቧል። ሊኮራባቸው የሚገቡ ናቸው። ሆኖም በጎብኚ ዘንድ «የሰው እጅ ያልነካው» ተብሎ የሚደነቀው ደን ከፊሉ የሰው እጅ የተነጠቀበት ደን መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የተረፉት ምን አደረጉ?

በዚያ ዘመን የተረፈው ሰው ያደረገው ነገር ለማገገም ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የአካባቢው ሕዝብ የሚተዳደረው በእንሰት፣ በጎደሬ፣ በማርና በቡና ነው። ጎደሬ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ስለሆነ እሳት አይፈጀውም፤ ወራሪ በቀላሉ ዘርፎ አይወስደውም፤ ጫካ ውስጥም ይበቅላል። እንሰት በአንጻሩ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈልጋል። ቡናም ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ዛሬ ሌሊት ልጄ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ጎደሬ ይቆፍር ይሆናል እንጂ ቡና አይተክልም። በጫካ ያለውን ቡና ይለቅም ይሆናል እንጂ የራሴ የሚለውን አያጥርም። ቡናና እንሰት በደጅ መታየታቸው የተስፋ ምልክት ብቻ ሳይሆን የጸጥታ መለኪያም ነው ማለት ይቻላል። ነገ እዚህ እኖራለሁ ያለ ሰው ብቻ ነውና የሚተክላቸው።

ይህ እምነት የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመትና በ1923 ዓ.ም. ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጡ ሕጎች ወጡ። በዚያ ዘመን በዚህ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ የሙያ ቀዳሚያችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ መሆናቸውን ማስታወስ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ደስ የሚያሰኝ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ገና ሕፃን ሳሉ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙ፣ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ሕንድ ወስዶ ያሳደጋቸው፣ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በአዲስ አበባ የተፈሪ መኮንንን ትምህርት ቤት ሲመሩ ነጻ ለወጡ ልጆች የተከፈተውንም ትምህርት ቤት ይቆጣጠሩ ነበር። ጦርነት ከወላጆቹ የነጠለው ልጅ አድጎ፣ ሌሎች ከወላጆቻቸው የተነጠሉ ልጆችን ሲያስተምር ማየት የማገገምን ትርጉም ከብዙ መጻሕፍት በላይ ያስረዳል።

ሕጉ ግን በአዲስ አበባ ወጣ እንጂ በማጂና በጊሚራ ተፈጻሚ ለመሆን ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመካከሉ የጣሊያን ወረራ መጣ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በከፋ ምድር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በሳዮ ለቤልጅግ ኮንጎ ጦር እጁን ሰጠ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክል አዋጅ ታወጀ። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ ብንቆጥር በዚህ ምድር የጦርነቱ እውነተኛ ፍጻሜ ከአርባ ዓመት በኋላ መጣ ማለት ነው። አዛውንቱ የነገሩኝ የአባታቸው ከጫካ መውጣትም በዚህ ጊዜ ገደማ እንደ ነበረ ከነገሩኝ ሁሉ ተረድቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ሲል መንገድ ተጠረገ፤ ነጋዴ መጣ፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የቡና ከተሞች ሆነው አደጉ። በኋላም በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ተቋቋሙ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ350 ሺህ በላይ ሰዎች ቤንች መሆናቸውን አስመዝግበዋል። ቀድሞ ሌሎች ባወጡላቸው ጊሚራ በሚል ስም ይጠሩ የነበሩት ሰዎች በራሳቸው ስም መቆጠራቸው በራሱ የማገገም አንድ ደረጃ ነው። በአውሮፓውያን 1930ዎቹ አንድ የብሪታንያ ቆንስል ከማጂ አካባቢ ሰብስቦ የላከው የጌሻ ቡና ዘርም በኬንያ፣ በታንጋኒካና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ደርሶ ዛሬ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆኗል።

«ባዶ መሬት» የሚለው ስሕተት

ይሁን እንጂ ማገገሙ ሙሉ አልነበረም፤ የጎደለውም የሚታየው መሬቱ በታየበት ዓይን ነው። የተዘረፈው ምድር ታሪኩ ስለ ተረሳ በኋላ ከማዕከል ለሚመለከተው ሁሉ ባለቤት የሌለው ድንግል መሬት መስሎ ታየ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ጊዜ ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች ከፋ ክፍለ ሀገርን ጨምሮ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ሠፋሪው ራሱ የረኃብ ተጎጂ ነበር። ከደጋ የመጣ በመሆኑም ለወባ የሚሆን የመከላከል አቅም ስላልነበረው ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ የዝናብ ወራት ሞቱ። ነባሩ ሕዝብ በበኩሉ የአያቶቹን የጎጆ ቦታ የሚያውቅበትን መሬት ሳይጠየቅ አጣ።

ይህ ሁለት ተጎጂዎችን በአንድ መሬት ላይ ፊት ለፊት ያቆመ ውሳኔ ነበር። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በቴፒ አካባቢ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በጉራ ፈርዳ ወረዳ የሰው ሕይወት ያጠፉት ግጭቶች የየራሳቸው መንስኤ ቢኖራቸውም ሁለቱም የተነሡት መሬቱ የማን ነው፣ አስተዳደሩስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሚገባ ባልተመለሰበት ምድር ነው። ቁስል ሳይጸዳ ከተሰፋ ላዩ ይደርቃል እንጂ ውስጡ መግል ይይዛል። የቀዶ ሕክምና ባልደረቦቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል።

መድኃኒቱን ማን ያድለው?

ስለ ጤና አገልግሎት ይህ ታሪክ ምን ይነግረናል? ኦንኮሰርኪያሲስ በደቡብ ምዕራብ አገራችን መኖሩ በ1939 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ሐኪሞች ተረጋግጧል። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ በፈጣን ወንዞች ዳር ትራባለች፤ በዚህ ምክንያት የቡና ለቃሚው፣ የእርሻ ሠራተኛውና የወንዝ ዳር ነዋሪው በብዛት ይጠቃሉ። ምልክቱ በአብዛኛው ብርቱ ማሳከክና የቆዳ መበላሸት ነው። በሽታው ከታወቀበት ጊዜ አንሥቶ አይቨርሜክቲን በስፋት መታደል እስከ ጀመረበት ጊዜ ድረስ ስልሳ ዓመት ያህል አልፏል።

በ1993 ዓ.ም. በከፋና በሸካ እደላው ሲጀመር የተመረጠው ዘዴ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ጠቀሜታ ነበረው። እደላውን የሚያከናውነው ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሳይሆን መንደሩ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲሆን ተደረገ። ምክንያቱ ለሐኪም ግልጽ ነው። አይቨርሜክቲን የሚገድለው ትንንሾቹን ትሎች እንጂ እናቲቱን ትል አይደለም፤ እርሷ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ በሰውነት ውስጥ ትኖራለች። ስለዚህ አንድ ሰው መድኃኒቱን ለአንድ ጊዜ መዋጡ አይበቃም፤ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ መዋጥ አለበት። አያቱ በመንግሥት ስም በመጣ ሰው የተወሰደበት ገበሬ ስሙን በመዝገብ አስጽፎ፣ ቁመቱን አስለክቶ፣ ከማያውቀው ሰው እጅ ክኒን ተቀብሎ በየዓመቱ እንዲውጥ ስንጠይቀው የምንጠይቀው ትንሽ ነገር አይደለም። የጠየቅነው ቡና እንደ መትከል ያለ የረጅም ጊዜ እምነት ነው። በ2005 ዓ.ም. መንግሥት በሽታውን ከመቆጣጠር ወደ ፈጽሞ ማጥፋት የሚያሸጋግር ግብ ሊያወጣ የቻለው ሕዝቡ ይህንን እምነት ስለ ሰጠ ነው።

የዚሁ ተቃራኒም አለ። በከፋና በሸካ ማንጆ በመባል የሚታወቁት ወገኖች ለዘመናት ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልለው ኖረዋል። አድራሹ ከቤታቸው ደጃፍ የማይደርስ፣ እነርሱም ከሌላው ጋር በአንድ ወረፋ መቆም የሚያፍሩ ከሆነ መድኃኒቱ ለሁሉም ደርሷል ሊባል አይችልም። ማገገም የሚለካው መጨረሻ በደረሰው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የሰሜኑን ጦርነት አስቁሟል። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተዘረፉትንና የፈረሱትን ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች መልሶ ለማቋቋም ብዙ ባልደረቦቻችን ደክመዋል። አልጋ ተገዝቷል፤ ጣሪያ ተከድኗል፤ ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። ሆኖም የደቡብ ምዕራብ ምድር ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስጠነቅቀናል።

አንደኛ፣ ጦርነት የሚያበቃው ተኩስ ሲቆም ሳይሆን የተረፈው ሰው ነገ አይወሰድብኝም ብሎ መትከል ሲጀምር ነው። መንገደኛ በሚታገትበት፣ ሐኪምና አምቡላንስ ያለ ስጋት በማይንቀሳቀሱበት አካባቢ ማገገም ገና አልተጀመረም። ሁለተኛ፣ ሰው የለቀቀው ቦታ ባዶ አይደለም። የተፈናቀለው ቤቱ፣ የሞተው መዝገቡ፣ የተወሰደው ስሙ ካልታወቀ የዛሬው ዝምታ የልጅ ልጆቻችን ጠብ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የጤና አገልግሎት የተበጠሰን እምነት ከሚቀጥሉት ጥቂት እጆች አንዱ ነው፤ ይህም የሚሆነው ተቀባዩ በአሰጣጡ ሲሳተፍ ብቻ ነው።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቷል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ሐኪሞችን ያስመርቃል። ወደዚህ ምድርም ሆነ ጦርነት ወደ ጎበኘው ወደ ማናቸውም የአገራችን ክፍል የሚመደብ ወጣት ሐኪም የሚያገለግለውን ሕዝብ ታሪክ እንደ በሽተኛው ታሪክ አድርጎ እንዲጠይቅ ይህ ጸሐፊ በትሕትና ያሳስባል።

አዛውንቱ በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በቅጠል የጠቀለሉትን ጥቂት የደረቀ ቡና ይዘው ነበር። ማሳከኩ በእጅጉ ቀንሶላቸው ሌሊት መተኛት ጀምረዋል። ቡናው ከየት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ከአባታቸው ተክል እንደ ሆነ ነገሩኝ። «ይህን የተከለ ሰው እፈራ ነበር አላለኝም፤ ተክሎ ግን ጠበቀው» አሉ። ከዚህ የተሻለ የማገገም ትርጉም እስከ አሁን በማንኛውም የሕክምና መጽሐፍ አላገኘሁም።